የሰኞ ሽማግሌዎች

በባሕር ዳር ልጅ የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ እሑድ ነው። ሽማግሌ የሚሆነው ሰው ከሥራ የሚያርፈው ያን ቀን ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም። የፈይዛ ሽማግሌዎች ግን ሰኞ እንመጣለን ብለው ላኩ። አባቷ ሳሊህ ይህን ሲሰማ ቅር አላለውም። ሰኞም የአላህ ቀን ነው ብሎ፣ የጀመረውን ታንኳ እንደ ተጋደመ ትቶት ለድግሱ መሯሯጥ ያዘ።

ሳሊህ ታንኳ ሠሪ ነው። ደንገል ከሐይቁ ዳር አጭዶ፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ፣ እየጠቀለለ ያስራል፤ አባቱም አያቱም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሰፈሩ ከከተማው ጫፍ፣ ረግረጉ ከሚጀምርበት ላይ ነው። የሰፈሩ ሰዎች ድሮ ወደ መሀል ነበሩ። መዝናኛ ሊሠራበት ነው ተብለው ተነሡ፤ የሄዱበትም ቦታ ለሌላ መዝናኛ ተፈለገና ደግመው ተነሡ። አሁን ያሉበት ደግሞ ማንንም እንዳያምረው እየተሳቀቁ ይኖራሉ።

የዚህ ሰፈር ሰዎች ራሳቸውን ነገደ ብለው ይጠራሉ። ከተማው ግን ወይጦ ነው የሚላቸው። ስሙ ብቻውን ቢሆን ምን ነበረበት፤ ስሙ ጓዝ አለው። ጉማሬ በሊታ፣ ዕቃው የማይነካ፣ እጁ የማይጨበጥ። እንኳን ክርስቲያኑ፣ አብሮ የሚሰግደው ሙስሊም እንኳ ከቤታቸው ውኃ አይጠጣም። ጉማሬ ከታደነ ስንት ዘመኑ! ሳሊህ ሥጋው ነጭ ይሁን ቀይ አያውቅም፤ ጉማሬን የሚያየው እንደማንም የከተማ ሰው ከሩቅ፣ ከውኃው ራሱን ብቅ ሲያደርግ ነው። ስም ግን ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ? ተረቱን ያወጣው ሰው መልካሙን ስም አስቦ ይሆናል። ክፉውም ይውላል፤ እንዲያውም የሚበረታው እሱ ነው።

ፈይዛ የሳሊህና የሚስቱ የዘኪያ አንድ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የሂሳብ አያያዝ ተምራ፣ አሁን መሀል ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ደመወዝተኛ ናት። ቤት የተከራየችውም እዚያው ነው። አንዋር የተባለው የሥራ ባልደረባዋ ወደዳት፣ እሷም ወደደችው። የወሎ ሰዎች ልጅ ነው፣ ተወልዶ ያደገው ግን እዚሁ ባሕር ዳር ነው። አንድ ጊዜ ሊያደርሳት መጥቶ ሳሊህ ግባ ቢለው፣ እቸኩላለሁ ብሎ ከደጅ ተመልሷል። ሳሊህ ዓይን አፋር ልጅ ነው ብሎ ወደደው።

እንግዲህ ሽማግሌ መጥቶ እሺ ሲባል፣ የቀረበለትን ቀምሶ ነው መርቆ የሚነሣው። የልጅቱን ቤት እህል የቀመሰ ዘመድ ሆነ ማለት ነው። በሳሊህ ቤት ደግሞ ነገሩ ከዚያም ይከብዳል። ከሰፈሩ ውጭ የሆነ ሰው ጣራው ሥር ተቀምጦ ሲበላ ሳሊህ በዕድሜው አይቶ አያውቅም። እነዚህ ሰዎች ከበሉለት፣ በልጁ ሰርግ አባት ተብሎ ከፊት ይቀመጣል። ሌላ ምንም አልተመኘም። ማታ ማታ ለዘኪያ የሚያወራላት ያን ብቻ ነበር፤ የት እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚለብስ፣ ኒካሑ ሲታሰር የአንዋርን እጅ እንዴት አድርጎ እንደሚይዝ።

ስለዚህ በግ ገዛ። በጉን ያረዱት ከከተማው መስጊድ የመጡት ሼህ ጡሃ ናቸው፤ የታረደው በማን እጅ ነው ቢባል መልስ እንዲኖረው ብሎ ለምኖ አመጣቸው። ወጡን የሠራችው ከከተማ በገንዘብ የመጣች ወጥ ሠሪ ናት፤ ዘኪያ በገዛ ቤቷ እጇን አጣጥፋ እንደ እንግዳ ተቀምጣ ዋለች። ትሪው አዲስ፣ ሳህኑ አዲስ፣ ብርጭቆው አዲስ። ብርጭቆዎቹ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ወጥ ሠሪዋ ልትልጠው ስትል ዘኪያ ከለከለቻት።

«ተይው፣ ይታይ» አለቻት። «ማንም ያልጠጣበት መሆኑን ይወቁት።»

ሽማግሌዎቹ ሰኞ ረፋዱ ላይ መጡ። ሦስት ናቸው። የአንዋር አባት አቶ አሕመድ ራሳቸው መጥተዋል፤ ሳሊህ ይህን እንደ ትልቅ ክብር ቆጠረው። ከፋብሪካ በቅርቡ በጡረታ የወጡ፣ ረዘም ያሉ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። አፈ ጉባኤው ግን ጋሽ ሙሄ የሚባሉት ወንድማቸው ነበሩ። ሦስተኛው ጎረቤታቸው ነው፤ እሱ እስከ መጨረሻው ምንም አልተናገረም።

«የመጣነው ለደግ ነው» አሉ ጋሽ ሙሄ እንደ ቆሙ። «ልጅዎን ፈይዛን ለልጃችን ለአንዋር ይስጡልን። እሷን ልጃችን ያድርጉልን፣ እሱንም ልጅዎ ያድርጉት።»

ልማዱ «እስኪ ከዘመድ ልምከር» ብሎ ማመላለስ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ሳያመላልሱ እሺ ማለት ልጅን ማቅለል ይሆናል። ሳሊህ ግን ከመለስኋቸው ይቀራሉ ብሎ ፈራ።

«ሰጥቻችኋለሁ» አለ። «ተቀመጡ። አላህ ያግባባቸው።»

ተቀመጡ። ዱዓ ተደረገ። ወጥ ሠሪዋ የእጅ ማስታጠቢያ ይዛ ስትገባ ጋሽ ሙሄ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አኖሩ።

«አላህ ይስጥልን፣ ዛሬ ሰኞ አይደል? ሱና ይዘናል። ሦስታችንም ጾመኞች ነን።»

ሙስሊም ከወደደ ሰኞና ሐሙስ ይጾማል፤ ነቢዩም ጾመውታል። ሳሊህ ማዘን ሲገባው ደስ አለው። ልጄን የሰጠሁት ለጾመኛ ቤት ነው አለ በልቡ። ዘኪያ ከጓዳው በር ላይ ሆና ብርጭቆዎቹን አየች፤ ከዚያም ወደ ውስጥ ተመለሰች።

«እንግዲያውስ እስከ መግሪብ ቆዩና እዚሁ ታፈጥራላችሁ» አለ ሳሊህ።

«ጸጥታው እንደሚያውቁት ነው» አሉ ጋሽ ሙሄ። «ሳይመሽ ቤት መግባት ይሻላል።»

ይህም እውነት ነበር፤ በዚህ ዘመን በባሕር ዳር ማንም በሰው ቤት አያመሽም። መርቀው ተነሡ። አቶ አሕመድ ሲወጡ የሳሊህን እጅ ጨብጠው ትንሽ አቆዩት፤ የሆነ ነገር ሊሉ አስበው ተዉት።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ሳሊህ መቀመጥ አቃተው። ወጡ እንደ ተከደነ ነው። እንጀራው እንደ ተጠቀለለ ነው። ጾመኛን ያስፈጠረ የጾመኛውን ያህል አጅር፣ ምንዳ አለው ሲባል ከሼሁ አፍ ስንት ጊዜ ሰምቷል። እነሱ እዚህ ማምሸት ካልቻሉ፣ ምግቡ እዚያ መሄድ ይችላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ለመግሪብ ከቤታቸው ቢደርስላቸው፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ የሚጎርሱት ከሱ ቤት ይሆናል። ይህን አስቦ ልቡ እንደ ልጅ ዘለለ።

«ተዋቸው» አለችው ዘኪያ። «ጾመኞች ነን ብለዋል፣ በቃ።»

«ጾመኞች ስለሆኑ አይደል የምወስድላቸው።»

«ሳሊህ፣ እባክህ ተዋቸው።»

ሴት ልጅ ስትዳር እናት ሆደ ባሻ ትሆናለች ብሎ አልፏት፣ ምግቡን በአዲሱ ሳህን ከድኖ፣ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሮ ወጣ። እኔ በቦታው ብኖር እግሩ ላይ ተጠምጥሜ አስቀረው ነበር። ዘኪያ ግን ባሏ ሲደሰት ያየችው ስንት ዘመኗ ነው፤ አልቻለችም።

ፀሐዩ ገና ጠንካራ ነበር። ሳሊህ በባጃጅ ቢሄድ ወጡ እንዳይፈስ ሰግቶ በእግሩ ሄደ። ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሥጋ ቤቶቹ ወደ ተደረደሩበት መንገድ ሲደርስ፣ አንዱ ደጅ ላይ በረንዳው ጥላ ሥር አያቸው። ሦስቱም ናቸው። መካከላቸው ጥብስ አለ። ጋሽ ሙሄ የጠቀለሉትን ጉርሻ ለዚያ ዝምተኛ ጎረቤት እየዘረጉለት ነበር።

እዚህ ላይ ሳሊህ ያሰበውን ብነግራችሁ ትስቁበታላችሁ፤ አትሳቁበት። ረስተዋል ብሎ አሰበ። ረስቶ የበላ ሰው ጾሙ አይፈርስም፤ ያበላው አላህ ነው ይባላል። ሄጄ ላስታውሳቸው ብሎ ሁለት እርምጃ ሄደ። ሦስት ሰው በአንድ ላይ እንደማይረሳ የገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲገባውም መንገዱ መሀል ቆሞ ቀረ። አንድ የባጃጅ ልጅ እየጮኸበት ዞሮት አለፈ።

በጩኸቱ አቶ አሕመድ ቀና አሉ። የተቋጠረውን ምግብ አዩ፣ ሳሊህን አዩ። ጣታቸው ላይ ቅባት እንዳለ ብድግ ብለው መጡ። ሳሊህ ሊሸሽ ፈልጎ ነበር፤ የያዘው ምግብ እንዳይደፋ ብሎ ቆመ።

«እንዲህ እንዲሆን አልፈለግሁም፣ አቶ ሳሊህ» አሉ።

«ለመግሪብ ነበር ያመጣሁላችሁ» አለ ሳሊህ።

አቶ አሕመድ መናገር ጀመሩ፤ ቀስ ብለው፣ መሬት መሬቱን እያዩ።

«እኔ እዚህ ከተማ ስገባ ጎረምሳ ነበርሁ። በሰባ ሰባት፣ በድርቁ። እናቴን መንገድ ላይ ቀብሬ ነው የመጣሁ። ፋብሪካ ስገባ ስምህ ማነው ያለኝ የለም። ሰባ ሰባት አሉኝ፣ በቃ ሰባ ሰባት ሆንሁ። ምሳዬን ስከፍት፣ ቀስ ብለህ ብላ፣ ማንም አይነጥቅህም ይሉኛል። ሚስቴን ሳገባ፣ ሰባ ሰባት ሊያስርባት ወሰዳት አሉ። ጡረታ የወጣሁ ዕለት አለቃችን ንግግር አደረገ፤ ሰባ ሰባት ዛሬ ጠግቦ ሄደ ብሎ አዳራሹን አሳቀው። እኔም አብሬ ሳቅሁ።»

«እንግዲያው የስምን ነገር ያውቁታል» አለ ሳሊህ።

«ስለማውቀው ነው። ለልጅ ልጆቼ ስም እንዲወጣላቸው አልፈልግም። የኔው እንኳ ድርቁ ሲረሳ ይረሳል። የናንተ ግን አይረሳም፣ አቶ ሳሊህ። እርስዎም ያውቁታል።»

ስም ሲጠሩት የኖረ ሰው ለሌላው ስም ይራራል ብሎ የሚያስብ ካለ፣ ይህን ይስማ። ወሎዬው ሰባ ሰባት ተባለ። ሰባ ሰባት ብሎ የጠራው ጎጃሜ ደግሞ አዲስ አበባ ሲሄድ ቡዳ ይባላል፣ ሲመለስ ብሶቱን ሁሉ ከሱ በታች ባለው ላይ ይወጣል። ሁሉም ከሥሩ አንድ ሰው ያገኛል። ከሳሊህ ሥር ግን ውኃው ብቻ ነው ያለው።

«እህሌን ሳትቀምሱ ልጄን ትወስዳላችሁ ማለት ነው» አለ ሳሊህ።

«እሷ ምን አጠፋች? የተማረች፣ ጨዋ ልጅ ናት። አንዋርም ያለሷ አልኖርም ብሏል።» አቶ አሕመድ እዚህ ላይ አመነቱ። «የነገረችዎት መስሎኝ ነበር። ሰኞ ኑ ያለችን እሷ ናት።»

ሳሊህ ቋጠሮውን ወደ ደረቱ አስጠጋ። አቶ አሕመድ እጃቸውን ዘርግተው «ይስጡኝ፣ ቤት እወስደዋለሁ» ሲሉት አንገቱን ነቅንቆ ዞረ። ምግቡን ይዞ ወደ መስጊዱ ደጅ ሄደ። እዚያ የተቀመጡት ለማኞች ሳህኑን ሲያዩ ተሰበሰቡ። አንዲት አሮጊት እጇን ከመስደዷ በፊት ቀና ብላ አየችው።

«ከየት ነው ልጄ?» አለችው።

«ከከተማ ነው» አላት።

ቤት ሲገባ ዘኪያ «ተቀበሉህ?» አለችው። «በሉ» አላት። ፊቱን አየችው፤ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችውም።

ፈይዛ በሳምንቱ መጨረሻ መጣች። ሳሊህ የተወውን ታንኳ እያሰረ ነበር። አጠገቡ ደንገሉ ክምር ላይ ተቀመጠችና፣ በልጅነቷ እንደምታደርገው ገመዱን ያዘችለት።

«አቶ አሕመድ ነግረውኛል፣ አየኝ ብለው» አለች። «አባ፣ ለምን ተከተልሃቸው? ሰኞን የመረጥሁት እንዳትዋረድ ብዬ እኮ ነው። እሑድ ቢሆን ፊትህ አንበላም ይሉህ ነበር።»

«አውቄያለሁ።»

«አላወቅህም። አንተ ከዚህ ሰፈር ርቀህ ኖረህ አታውቅም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ስምንት ሆነን ነበር አንድ ክፍል የምናድር። አንድ ኩባያ ነበረን፣ ሁላችንም የምንጠጣበት። ሦስት ወር አብረን ጠጣን። ከዚያ አንዷ ከየት እንደሆንሁ ከሰው ሰማች። ምንም አላሉኝም። ኩባያውን ብቻ ትራሴ ሥር አስቀመጡልኝ፤ ያንቺ ይሁን ብለው። አራት ዓመት ሙሉ የኔ ብቻ ሆነ።» ድምፅዋ አልተሰበረም፤ አልቅሳ የጨረሰችው ያኔ፣ ዩኒቨርሲቲ እያለች ነው። «ልጅ ስወልድ ያ ኩባያ እንዲደርሰው አልፈልግም። ክፉ ነኝ በለኝ።»

ሳሊህ ክፉ ነሽ ሊላት ፈልጎ ነበር። ግን የምትለው ሁሉ እውነት ነው፤ ከእውነቱ ውስጥ ደግሞ እሱና ዘኪያ የሚቆሙበት ቦታ የለም። ከልጁ ላይ ያ ስም እንዲነሣ ያልተመኘበት ቀን የለም። ከስሙ ጋር አባትየውም አብሮ እንደሚነሣ አላሰበም።

«ሰርጉስ?» አላት።

ገመዱን አጥብቃ ያዘች። «የአንዋር እናት ለዘመዶቻቸው፣ ወላጆቿ ሩቅ አገር ናቸው ብለው ተናግረዋል።»

ልትቀጥል ሞከረች፣ አቃታት። ሳሊህ አንጀቱ አልቻለም፤ ልመናውን ራሱ ጨረሰላት።

«ሩቅ ናቸው ካሏቸው ሩቅ እንሆናለን» አላት። «ለኒካሑ ሼህ ጡሃን እወክላለሁ።»

ፈይዛ ግንባሯን ትከሻው ላይ ጣለች። እሱ ግን እጁ በደንገል ጭቃ ተለውሶ ስለነበር፣ ለቢሮ የምትለብሰው ልብስ እንዳይነካ እጁን ከጎኑ አራቀ።

በኒካሕ ጊዜ ልጅቱን የሚድረው አባቷ ነው፤ መምጣት ካልቻለ በምስክር ፊት ሌላ ሰው ይወክላል። ሼህ ጡሃ የበጉን ነገር ያውቃሉ፣ ሌላውንም ሳይገምቱ አልቀሩም። ሳሊህ ሁለት ምስክር ይዞ ሲመጣባቸው መስጊዱ ደጃፍ ላይ ቆመው ብዙ አዩት።

«አንተ በሕይወት እያለህ፣ እዚሁ እያለህ፣ ምን አድርገኝ ነው የምትለኝ?»

«በዚያ ቀን መንገድ አለብኝ፣ ሼህ። ዘጌ እሄዳለሁ።»

«ዘጌ ነው ሩቅ?»

«ለኔ ሩቅ ነው» አለ ሳሊህ።

ሼሁ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ምስክሮቹን አዩና ዘጉት። ደግ ሰው ናቸው። ደግ ሰው ዝም ሲል እንደ ክፉ ሰው ዝምታ ነው፤ ልዩነቱ አይታይም። ሳሊህም ቃሉን አለ፤ «ልጄን ፈይዛን ለአንዋር አሕመድ እንዲድሩልኝ ወክዬዎታለሁ።» በፈቃድህ ነው ወይ ተብሎ ተጠየቀ። በፈቃዴ ነው አለ።

የሰርጉ ዕለት በጠዋት ታንኳውን ወደ ውኃው ገፍቶ ወደ ዘጌ ቀዘፈ። ዘጌ ምንም ጉዳይ የለውም። ለሼሁ የተናገረው ውሸት እንዳይሆንበት ብቻ ነው የሄደው። ከቡናው ጫካ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዋለ፤ ኒካሑ ይታሰራል ባለው ሰዓት ተነሥቶ ቆመ፣ ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ። ማዶ ከተማው ይታየዋል። ከመቼውም ይልቅ ያን ቀን ባሕር ዳርን ጠላት።

ዘኪያ እንደሱ አልቻለችም። ማን ያውቀኛል ብላ፣ ጥቁር ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ፣ የሰርጉ አዳራሽ ገባች። ሰርግ ላይ አንዲትን አሮጊት ማን ጠራሽ የሚላት የለም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሳሊህ ታንኳውን ወደ የብስ ሲጎትት እሷም መንገዱን ይዛ ስትመጣ ተገናኙ። ቤት ገብታ ጫማዋን አውልቃ እስክትቀመጥ ጠበቃት።

«አየሻት?» አላት።

«አየኋት። አምሮባታል። አንገቷን ደፋ አድርጋ ነው የዋለች።»

«አበሉሽ?»

«አበሉኝ። ከሴቶቹ ጋራ ከአንድ ትሪ ነው የበላን። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ደግ ሰው ናት፣ እንዴት እንዳጎረሰችኝ።» ዘኪያ ሻሿን ፈትታ ጭኗ ላይ አጠፈችው። «ኋላ ሙሽሪትን እያየች፣ ይህችን የመሰለች ልጅ የወለደች እናት የትኛዋ ናት አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«እናት የላትም አልኋት።»

ሳሊህ አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠ። «ደግ አደረግሽ» አላት።